የቆመው ባቡር መብራት

መቀሌ ባቡር ገና አልገባባትም። ከሐራ ገበያ ወደ መቀሌ የሚዘልቀው የባቡር መስመር ሥራ በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሳ ግን ቆመ። እስከ 2015 ዓ.ም. በዘለቀው በዚያ ጦርነት የቆመው የሐዲድ ሥራ ብቻ አይደለም። ባንክ ተዘጋ፤ ደመወዝ ተቋረጠ። በብዙ ቤትም የባልና የሚስት ጨዋታ አብሮ ቆመ። ሰላም ከወረደ በኋላም ዝምታው ያልለቀቃቸው ቤቶች አሉ።

ውድ አንባቢያን፣ እስቲ ስለ ትዳራችን ከአንዲት ትንሽ ባቡር እንማር። ሞዴል ባቡር የእውነተኛው ባቡር አምሳያ ነው። በስፋት የሚታወቀው ዓይነት ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። በጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ ሐዲድ ይሄዳል፤ ኤሌክትሪክም የሚያገኘው ከሐዲዱ ነው።

ፍጥነት

በቀድሞው አሠራር ነጂው በሐዲዱ ላይ ኃይል ሲጨምር ባቡሩ ይፈጥናል፣ ሲቀንስ ይዘገያል። በሐዲዱ ላይ ሁለት ባቡር ካለ ግን ሁለቱም አብረው ይነሳሉ። በዲጂታሉ አሠራር እያንዳንዱ ባቡር የራሱ ቁጥር አለው። ለ3 ቁጥር የተላከውን ትእዛዝ የሚፈጽመው 3 ቁጥር ብቻ ነው። ነጂው ከፈለገም ባቡሩ እንደ ከባድ ባቡር ቀስ ብሎ እንዲነሳና ቀስ ብሎ እንዲቆም ያዘጋጀዋል።

አባወራው በውጭ የገጠመውን ብስጭት ይዞ ሲገባ ሚስትም ልጆችም አብረው ይደነግጣሉ። ጌታችን ግን በጎቹን በየስማቸው ይጠራል (ዮሐንስ 10፥3)። ለዓመታት ዝም ያለ ሰውም በአንድ ምሽት ጥያቄ አይከፈትም፤ ቀስ ብሎ ይነሳ ዘንድ ጊዜ ስጡት።

ድምፅ

በባቡሩ ሆድ ውስጥ ትንሽ ድምፅ ማጉያ አለች። ደወሉና ጥሩምባው የየራሳቸው ቁልፍ አላቸው፤ የድምፃቸው መጠንም ይስተካከላል። ጥሩምባ መንፋት ግን ባቡሩን አያፈጥነውም! በቤታችንም ጩኸት የቆመውን ነገር አስነስቶ አያውቅም። ምሳሌ 15፥1ን አብራችሁ አንብቡ።

መብራት

በቀድሞው አሠራር መብራቱ ከፍጥነቱ ጋር የታሰረ ነው፤ ባቡሩ ሲሮጥ ይደምቃል፣ ሲቆም ይጠፋል። በዲጂታሉ ግን ሐዲዱ ዘወትር ሙሉ ኃይል አለው፤ መብራቱም የራሱ ቁልፍ አለው። ባቡሩ ቢቆምም ይበራል።

እህቴ ሆይ፣ ባልሽን የምታከብሪው ደመወዝ ሲያገባ ብቻ ነው? ወንድሜ ሆይ፣ ሚስትህን የምትወድዳት ጓዳው ሲሞላ ብቻ ነው? እንግዲያው መብራታችሁ ከፍጥነታችሁ ጋር ታስሯል ማለት ነው። ክርስቶስ የወደደን ደክመን ሳለን ነው (ሮሜ 5፥6-8)። የእርሱ ፍቅር ሥራ ሲቆም አይቆምም።

ዛሬ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ በስም ተጠራሩ። ስለ ገንዘብ ሳይሆን ስለ ልባችሁ አንድ ጥያቄ ተጠያየቁ፤ እስኪመለስም ታገሡ። ከዚያም እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ጸልዩ። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ!