የወሊድ ፈቃድ በእርከን ሥራ ላይ፦ የገጠር እናት ድካም በልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም እንዴት ይቆጠራል?

የ1987ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ሴቶች ሁሉ ቢሆንም «ደመወዝ» የሚለው ቃል የመብቱን ወሰን አስቀድሞ ያጠብበዋል። በማሳ ስታርም፣ ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም የምትውል አርሶ አደር ነፍሰ ጡር በሆነች ጊዜ ፈቃድ የምትጠይቀው ከየትኛው ሥራ ነው? የሚሰጣትስ ማን ነው?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚገዛው በቅጥር ላይ የተመሠረተ ግንኙነትን በመሆኑ ውል የሌላትን ሴት አያውቃትም። በውሉ ክልል ውስጥ ያለው መሻሻል ግን የሚናቅ አይደለም። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በኋላ 60 ቀን የነበረው ፈቃድ ወደ 90 የሥራ ቀን ከፍ ብሏል፤ ለአባትም የሦስት ቀን ፈቃድ ተፈቅዷል። ክፍያው የሚወድቀው በአሠሪው ላይ ብቻ መሆኑ የራሱ መዘዝ አለው፤ ወጪውን የሚጋራ የማኅበራዊ መድን ፈንድ ስለሌለ ወጣት ሴት መቅጠር ለአነስተኛ ድርጅት ሸክም ሊመስል ይችላል። ከተሜዋ እናት ፈቃዷን ጨርሳ ወደ ሥራ ስትመለስ ሕፃኑን የምትይዘው ብዙውን ጊዜ ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ ናት። የእርሷን የሥራ ሁኔታ ደግሞ አዋጁ ከራሱ ወሰን አውጥቶ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። እንግዲህ በሕጉ ዘንድ «ሠራተኛ ቤተሰብ» የሚባለው እጅግ ጠባብ ክበብ ነው።

መንግሥት የገጠር ሴትን ጉልበት በቀን ለክቶ፣ በብርና በኪሎ ተምኖ የመዘገበበት ጉልህ ቦታ ሌላ ነው፤ እርሱም የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ከ1994 እና 1995ቱ ድርቅ በኋላ ነበር። በየዓመቱ ለአስቸኳይ እርዳታ ጥሪ ማቅረብን ትቶ፣ ዘወትር የምግብ ክፍተት ላለባቸው ቤተሰቦች ጊዜው የታወቀ ድጋፍ መስጠት ዓላማው ሆኖ ተነሣ። መሥራት የሚችል አባል ያለው ቤተሰብ የእርሻ ሥራ በሚቀዘቅዝባቸው ወራት እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ የገጠር መንገድ ይጠግናል፤ አረጋውያንና ጽኑ ሕሙማን ብቻ ያሉበት ቤተሰብ ግን ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ስሌቱ ቀላል ይመስላል። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር አምስት የሥራ ቀን ይታሰባል፤ የቀኑ ዋጋ 3 ኪሎ እህል ወይም ተመጣጣኝ ጥሬ ገንዘብ ነው። በመነሻው ዓመት ይህ ገንዘብ 6 ብር ነበር።

ችግሩ ያለው በማባዛቱ ላይ ነው። ስድስት አባላት ላሉት ቤተሰብ በወር 30 የሥራ ቀን ይታሰባል፤ ልጆች ስለማይሠሩ ይህን ቀን የሚሸፍኑት ባልና ሚስት ናቸው። ባል ለሌላት እናት የሚጋራት የለም። ለአንድ ሰው የሚፈቀደው የሥራ ቀን በኋላ ጣሪያ የተበጀለትም ስሌቱ ብቻውን ሲተው ወዴት እንደሚያደርስ በመታየቱ ነው። በዚያ ላይ እርከን ልትሠራ የመጣች ሴት ቀኗን የጀመረችው እርከኑ ላይ አይደለም። ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ልጅ አጥብታ ነው የደረሰችው። የፕሮግራሙ መመሪያ ይህን ተገንዝቦ የሴቶች የሥራ ጫና ከወንዶቹ በግማሽ እንዲቀንስ፣ አርፍደው እንዲመጡና ቀድመው እንዲሄዱ አዟል። የቤት ውስጥ ድካም በመንግሥት የሥራ ሰዓት ሒሳብ ውስጥ ሲገባ ማየት በኢትዮጵያ የፖሊሲ ሰነዶች የተለመደ አይደለም፤ ይህ አንቀጽ ከሚሰጠው ትኩረት የበለጠ ይገባዋል።

የነፍሰ ጡሯም ጉዳይ በዚሁ መንገድ ተሻሽሏል። በቀደሙት ምዕራፎች ሴት ከከባድ ሥራ ነፃ የምትሆነው ከስድስተኛ ወር እርግዝና እስከ ሕፃኑ አሥረኛ ወር ድረስ ነበር። በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው አራተኛው ምዕራፍ ይህን አሰፋው፤ እርግዝናዋ ከተረጋገጠበት ጊዜ አንሥቶ ሕፃኑ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ወደ «ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ» ትዛወራለች። ሥራው ይቀርላታል፣ እህሉ ወይም ገንዘቡ ግን አይቀርባትም። በምትኩ የእርግዝና ክትትል እንድታደርግ፣ ልጇን እንድታስከትብና በሥነ ምግብ ትምህርት ላይ እንድትገኝ ይጠበቃል። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን የምትንከባከብም በዚሁ መደብ ትገባለች። ከቀን ብዛት አንጻር ብቻ ከታየ የገጠሯ እናት ከፋብሪካ ሠራተኛዋ የረዘመ ዕረፍት አላት ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ የዕረፍቱ በር የሚከፈተው በጤና ኬላ በኩል ነው። እርግዝናዋን የምታረጋግጠው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት፤ መረጃው ወደ ቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይልና ወደ ልማት ጣቢያ ሠራተኛው መድረስ አለበት፤ ከዚያም ስሟ ከሥራ ዝርዝሩ ወደ ቀጥታ ድጋፍ ዝርዝር ይዛወራል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በእርግዝና የመጀመሪያ ሦስት ወራት ለክትትል ጤና ተቋም የሄዱት ከመቶ 20ዎቹ እናቶች ብቻ ነበሩ። መመሪያው «ከተረጋገጠበት ጊዜ» ሲል በወረቀት ላይ ከመጀመሪያው ወር አካባቢ የሚጀምር ዕረፍት የሰጠ ይመስላል፤ ዘግይታ ለምትመረመር እናት ግን ዕረፍቱ ከቀድሞው ስድስተኛ ወር ብዙም ላይርቅ ይችላል። እስከዚያው ድንጋይ ትሸከማለች። መዘግየቱም የእርሷ ቸልተኝነት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። እርግዝናን ገና ሳይገፋ መናገር በብዙ አካባቢ ነውር ነው፤ ኬላው ሩቅ ነው፤ በሥራው ወራት ደግሞ ለምርመራ የሚውል ቀን ከእርከኑ ቀን ላይ የሚነሣ ነው። የሕፃናት ማቆያ በሥራ ቦታ እንዲዘጋጅ የሚለው ድንጋጌም ከወረቀት ወደ መሬት ለመውረድ ሲያዘግም ቆይቷል። ዳስ ጥሎ አንዲትን እናት ሕፃናት እንድትጠብቅ መመደብና ቀኑን እንደ ሥራ ቀን ቆጥሮ መክፈል ከፕሮግራሙ ወጪዎች መካከል ትንሹ መሆኑን ላስተዋለ፣ ይህ መዘግየት የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይመስልም።

ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው እርምት ከዚህ ይመነጫል። ሴቲቱ መጥታ እስክትናገር ከመጠበቅ ይልቅ፣ ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የሥራ ወራት ከመግባታቸው በፊት ነፍሰ ጡሮችን መዝግባ ዝርዝሩን በቀጥታ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ብታስተላልፍ፣ ዝውውሩ ከምርመራ ቀን ጥገኝነት ይላቀቃል። ጤናና ግብርና በወረዳ ደረጃ ሁለት የተለያዩ ጽሕፈት ቤቶች በመሆናቸው ይህ ያለ የጋራ መዝገብ አይሆንም።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ የስያሜው ነው። ለደመወዝተኛዋ የሚሰጠው «ፈቃድ» ነው፤ ብትከለከል ፍርድ ቤት ትሄዳለች። ለገጠሯ የሚሰጠው «ድጋፍ» ነው፤ ብትከለከል ያላት የቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ነው። ድጋፉ የሚገኘውም እናት በመሆኗ ሳይሆን ቤተሰቧ በተጠቃሚዎች መዝገብ በመኖሩ ነው። ቤተሰቡ ጥሪት አፍርቶ ከፕሮግራሙ «ሲመረቅ» በሚቀጥለው እርግዝናዋ የዕረፍት ወራቷም አብረው ይቀራሉ፤ ከመዝገቡ ውጭ ያለችው ጎረቤቷ ደግሞ ከመጀመሪያውም አልነበሯትም።