ቺፕስ ላይ ማተም የሚችል ማነው?

ፕሪንግልስን ታውቁታላችሁ፤ ያ በክብ ረጅም ማሸጊያ ተደራርቦ የሚመጣው ቺፕስ። እ.ኤ.አ. በ2002 የያኔው ባለቤቱ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል (ያው የፓምፐርሱ) አዲስ ነገር ሲያስብ፣ እያንዳንዱ ቺፕስ ላይ ሥዕል፣ ቀልድና ጥያቄ ይታተምበት የሚል ሐሳብ መጣ። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ጣጣው ግን ብዙ ነው። ቺፕሱ መታተም ያለበት ከዘይት እንደወጣ፣ ገና ትኩስና እርጥብ ሳለ ነው። ያውም በየደቂቃው በሺዎች፣ ያውም በሚበላ ቀለም!

ኩባንያው 7,500 ያህል ተመራማሪዎች ነበሩት። በድሮው ልማድ በር ዘግተው ዓመታት ይለፉበት ነበር። አሁን ግን የቸገራቸውን ነገር ቁልጭ አድርገው ጻፉና ለውጭ ሰዎች በተኑት። መልሱ ከየት መጣ መሰላችሁ? ጣሊያን፣ ቦሎኛ ውስጥ ከነበረች ትንሽ ዳቦ ቤት! ባለቤቱ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበር፤ የመጋገሪያ ዕቃም ይሠራ ነበር። ኬክና ብስኩት ላይ ሥዕል የሚያትምበትን ዘዴ ራሱ ፈልስፎታል። አሜሪካኖቹ ላይ ራስ ምታት የሆነባቸው ነገር እሱ ዘንድ የኬክ ማስጌጫ ነበር።

የታተመው ቺፕስ በ2004 ገበያ ወጣ፤ የፕሪንግልስ የሰሜን አሜሪካ ንግድም በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት በባለ ሁለት አኃዝ መቶኛ አደገ። እንዲህ ያለውን አሠራር ‹ክፍት ፈጠራ› ብሎ በ2003 በመጽሐፍ ያስተዋወቀው ሄንሪ ቼስብሮ ነው።

ለእኔ ቁም ነገሩ በር መክፈቱ ብቻ አይደለም፤ አጠያየቁ ነው። ‹ቺፕሳችንን የሚያሻሽል ሐሳብ ያለው ይምጣ› ቢሉ ኖሮ ኬክ ጋጋሪው እኔን ነው ብሎ ዞር አይልም ነበር።

ደግሞ በሩን ወለል ካደረጉት ሁሉ ይሳካል እንዳትሉ። ላውርሰንና ሶልተር የተባሉ ተመራማሪዎች 2,707 የብሪታኒያ አምራቾችን አጥንተው በ2006 ያወጡት ውጤት እንዲህ ይላል፦ ከብዙ የውጭ ምንጭ ሐሳብ የሚቀዱ ድርጅቶች በአዲስ ምርት የተሻለ ይሸጣሉ፤ ምንጩ ከልክ ሲያልፍ ግን ጥቅሙ ማሽቆልቆል ይጀምራል። የመጣውን ሐሳብ ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚያበጥር ሰው ያስፈልጋላ! ሦስት ሠራተኛ ያለው ጀማሪ ድርጅት ልኩ ላይ ቶሎ የሚደርስ ይመስለኛል፤ ሐሳቡን የሚያነበውም፣ ዕቃውን የሚሸጠውም፣ ሒሳቡን የሚዘጋውም ያው አንድ ሰው ነዋ።