መስኖ ስንል ምን ማለታችን ነው?

መስኖ ሲባል ብዙ ሰው ግድብና ቦይ ነው የሚታየው። ለእኛ ለሙያው ሰዎች ግን ቃሉ ከግንባታው ይልቅ ሥራውን ይጠራል፤ ዝናብ ሲጠፋ ወይም ሲያንስ ሰብሉ የሚፈልገውን ውሃ በሚፈልገው ሰዓት ማድረስ ነው። በራያ ገበሬው ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳው ላይ ሲያሰራጭ፣ ያም መስኖ ነው። ሲሚንቶ የለበትም።

ግእዝ ለዚህ ሥራ «ሰቀየ» የሚል ግስ አለው። ትርጉሙ አጠጣ ነው፤ ለሰውም ለመሬትም ይሆናል። የዐረብኛው «ሰቃ» እና የዕብራይስጡ «ሂሽቃ» የዚሁ ሥር ዘመዶች ናቸው። አማርኛም «ጠጣ» ከሚለው «አጠጣ»ን አውጥቶ ለማሳ ይጠቀምበታል። ደስ የሚለኝ ይሄ ነው፤ መሬቱም እንደ ሰው ይጠማል።

ሲጠጣም ልክ አለው። ከልክ ያለፈ ውሃ የሰብሉን ሥር አየር ያሳጣዋል። መውጫ ካጣ ደግሞ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ይልና፣ ሲተን ጨዉን ላይ ትቶት ይሄዳል። በመካከለኛው አዋሽ የጥጥ እርሻዎች የደረሰው ይኸው ነው። ማንጠፈፊያ የሌለው መስኖ ለእኔ ግማሽ ሥራ ነው።

ከማጠጣታችሁ በፊት ሥሩ እስካለበት ድረስ ቆፍራችሁ አፈሩን ጨብጡት። ተጣብቆ ከያዘ ገና ርጥበት አለው፤ ከተበተነ ውሃውን ልቀቁ። አሸዋማ አፈር ግን ርጥብ ሆኖም ቶሎ ይበተናል፤ እዚያ መዳፋችሁ መርጠቡን ተመልከቱ።