ልጓም ለወጣት ፈረስ፦ ችኮላ አፍ ያበላሻል

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ፈረስ የማይገባበት ጉዳይ ጥቂት ነው። አርሶ አደሩ ገበያ የሚወጣው፣ ሙሽራ የሚያጅበው፣ ለቅሶ የሚደርሰው በፈረስ ነው። በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚያከብረው በዓልም በዓድዋ ጦርነት የተሳተፉ ፈረሰኞችና ፈረሶች ይዘከራሉ። በዕለቱ በጌጥ ያሸበረቁ ፈረሶች በሶምሶማና በሽምጥ ሲጋለቡ ማየት የአካባቢው ኩራት ነው።

በአደባባይ የሚታየው ግን የረጅም ሥራ ፍሬ ነው። ሥራው የሚጀመረው በአርሶ አደሩ ደጅ ሲሆን፣ ከሁሉም የሚከብደው ወጣቱ ፈረስ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጓም የሚጎርስበት ወቅት ነው። በአግባቡ የተያዘ ፈረስ ከ20 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። በጥቂት ቀናት ችኮላ አፉ የተበላሸ ፈረስ ግን ልጓም ሲያይ ይሸሻል፣ ሲጋለብ ራሱን ይወረውራል፣ ሽቅብ ይቆማል ወይም ይዞ ይጠፋል። እንዲህ ያለው ፈረስ ጋላቢውን ለአደጋ ይዳርጋል፤ ገበያ ሲወጣም ዋጋ አያወጣም።

ብረቱ የሚያርፍበት ቦታ

ፈረስ ከፊት ጥርሶቹና ከመንጋጋ ጥርሶቹ መካከል ጥርስ የሌለበት ባዶ ቦታ አለው። ልጓም የሚቀመጠው በዚህ ቦታ፣ በምላሱና በድዱ ላይ ነው። እዚህ ያለው ድድ እጅግ ስስ ከመሆኑም በላይ ከሥሩ ያለው የመንጋጋ አጥንት ጠርዝ ሹል ነው። ብረት በኃይል ሲጫነው ድዱ ይቆስላል፤ ጉዳቱ ሲደጋገም አጥንቱም ይጎዳል። የቆሰለው ሲድን ቦታው ይደድራል። «አፈ ደንዳና» የሚባለው ፈረስ ብዙውን ጊዜ ከተፈጥሮው ሳይሆን ከአያያዝ የመጣ ነው።

በአገራችን በስፋት የሚታወቀው ነባሩ ልጓም በምላስ ላይ ከሚያርፈው ብረት ሌላ የታችኛውን መንጋጋ ዙሪያውን የሚይዝ የብረት ቀለበት አለው። ዛቡ ሲሳብ ብረቱ ወደ ላንቃ ይነሣል፤ ቀለበቱም መንጋጋውን ይጨብጣል። በደንብ የተገራ ፈረስ እጁ ለስላሳ በሆነ ጋላቢ ሥር ሲሆን ዛቡን በጣት መንካት ብቻ ይበቃዋል። ትርጉሙን ለማያውቅ ወጣት ፈረስ ግን ይህ ልጓም ሕመም ብቻ ነው። ሲያመው ይሸሻል፤ ሲሸሽ ዛቡ ይሳባል፤ ሲሳብ ይብስ ያመዋል።

ዕድሜውን ከጥርሱ ማወቅ

ፈረስ የወተት ጥርሶቹን በተወሰነ ቅደም ተከተል ይለውጣል። መካከለኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ፣ ከጎናቸው ያሉት በሦስት ዓመት ተኩል፣ የዳር ጥርሶቹ ደግሞ በአራት ዓመት ተኩል ገደማ ይለወጣሉ። በወንዶቹ ላይ ክራንቻ የሚወጣው ከአራት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ከፊት መንጋጋዎቹም አንዳንዶቹ የሚለወጡት በዚሁ ዕድሜ ስለሆነ ድዱ ያብጣል፤ ያመዋልም። ልጓም አልቀበል ያለ ወጣት ፈረስ ሁልጊዜ አመፀኛ አይደለም፤ ጥርስ እያወጣ ሊሆን ይችላል።

በአንዳንድ ፈረሶች ላይ ደግሞ ከመንጋጋ ጥርሶች ፊት ለፊት አንዲት ትንሽ ትርፍ ጥርስ ትበቅላለች። ልጓሙ እየመታት ፈረሱን የምታስቸግር ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ሊነቅላት ይችላል። ስለዚህ ከልጓም በፊት የፈረሱን አፍ በባለሙያ ማስመርመር ይገባል።

የአጥንቱም ነገር መታሰብ አለበት። የፈረስ የጀርባ አጥንት ዕድገቱን የሚጨርሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። በመሆኑም ፈረሱን በሦስት ዓመቱ ገደማ ልጓም ማለማመድ፣ በአራት ዓመቱ ቀላል ሰው ለአጭር ጊዜ እንዲቀመጥበት ማድረግ፣ ሽምጥና ጉግስን ግን አምስት ዓመት እስኪሞላው ማቆየት ይመረጣል።

ልባብ ይቅደም

ጥሩ ልጓም የሚጎርስ ፈረስ አስቀድሞ በልባብ የተማረ ነው። ልባብ ብረት የሌለው፣ ከገመድ ወይም ከጠፍር የሚሠራ የራስ ማሰሪያ ነው። ውርንጭላው ከእናቱ ጋር ሳለ ጀምሮ ልባብ ቢለምድ፣ ጆሮው፣ ጋማው፣ ከንፈሩና ድዱ በእጅ ቢዳሰስ በኋላ የሚመጣው ሥራ ይቀላል። በልባብ እየተሳበ መሄድ፣ በድምፅ መቆም፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መዞር የተማረ ወጣት ፈረስ ለልጓም የሚቀረው አዲስ ነገር የብረቱ ስሜት ብቻ ነው። ያለ ልባብ ትምህርት ልጓም የሚጎርሰው ግን መሄድን፣ መቆምንና መዞርን በአንድ ጊዜ በሕመም እንዲማር ይገደዳል።

አጎራረሱ

ለመጀመሪያው ልምምድ ቀለበት የሌለው፣ ወፈር ያለና ልስልስ ብረት ይመረጣል። ቀጭን ብረት ይቆርጣል፤ ሻካራ ወይም ጠርዙ የወጣ ብረት ያቆስላል። የብረቱ ርዝመት ከአፉ ስፋት በግራና በቀኝ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢተርፍ ይበቃል። ጠፍሩ ሲጠብቅ በከንፈሩ ማዕዘን ላይ አንድ ወይም ሁለት ሽብሽብ መታየት አለበት። ከዚያ በላይ ከሆነ ጠብቋል፤ ምንም ሽብሽብ ከሌለ ደግሞ ልጓሙ ዝቅ ብሎ ጥርሱን ይመታል። በጉሮሮው ሥር የሚያልፈው ጠፍር አራት ጣት የሚያስገባ ይሁን።

ሥራው ፈረሱ በሚያውቀው ጸጥ ያለ ቦታ፣ ልባቡ ሳይወልቅ ይከናወናል። ሰውየው በፈረሱ ግራ በኩል ከአንገቱ ጎን ይቆማል እንጂ ፊት ለፊቱ አይቆምም። በደጋው ብርድ፣ በተለይ በውርጭ ጠዋት፣ ብረቱን በመዳፍ ማሞቅ ያስፈልጋል። በብረቱ ላይ ጥቂት ማር ወይም ጨው መቀባትም ፈረሱ በፈቃዱ እንዲቀበለው ይረዳል። በቀኝ እጅ የልጓሙ ጠፍር ከጆሮዎቹ መካከል ከፍ ተደርጎ ይያዛል፤ በግራ እጅ ብረቱ ወደ ከንፈሩ ይቀርባል። አውራ ጣት በከንፈሩ ማዕዘን፣ ጥርስ በሌለበት ባዶ ቦታ ሲገባ ፈረሱ አፉን ይከፍታል። ብረቱ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ጥርሱን በብረት እየመቱ ማስከፈት ግን በመጀመሪያው ቀን ጠላትነት መትከል ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጓሙ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያለ ዛብ አፉ ውስጥ ይቆያል። ፈረሱ ማኘኩና ምላሱን ማንቀሳቀሱ የተለመደ ስለሆነ አያሳስብም። ሲወልቅም ጠፍሩ ከጆሮው ቀስ ብሎ ይወርድና ፈረሱ ራሱ አፉን ከፍቶ ብረቱን እስኪለቅ ይጠበቃል። ተጎትቶ የወጣ ብረት ጥርሱን ስለሚመታው በማግስቱ ራሱን ሽቅብ ያነሣል።

አንድ ወይም ሁለት ሳምንት በዚህ መልክ ከቆየ በኋላ ዛብ ይታሰራል፤ ሰውየውም ከጎኑ ሆኖ ፈረሱን ያዘዋል። ዋናው ምስጢር መሳቡ ሳይሆን መልቀቁ ነው። ዛቡ በቀስታ ይያዛል፤ ፈረሱ ራሱን ትንሽ እንኳ ወዳዘዙት አቅጣጫ ካዞረ ወይም ካቆመ ወዲያውኑ ይላላል። ፈረስ የሚማረው ጫናው በተነሣለት ቅጽበት ነውና ታዝዞም የሚሳብ ከሆነ መታዘዝ ጥቅም እንደሌለው ይማራል። ቀለበት ያለው ነባሩ ልጓም የሚመጣው ይህን ሁሉ አውቆ ከጨረሰ በኋላ ነው።

መወገድ ያለባቸው ልማዶች

ፈረስን በልጓሙ ዛብ ከዛፍ ወይም ከአጥር ጋር ማሰር አደገኛ ነው። ደንብሮ ወደ ኋላ ቢስብ ምላሱ ሊቆረጥ፣ መንጋጋውም ሊሰበር ይችላል። ማሰር ካስፈለገ በልባብ ነው። ልጓም የጠፋ እንደሆነ ሽቦ ወይም የናይለን ገመድ አፉ ውስጥ ማስገባት፣ ልጓም እንደጎረሰ ሣር እንዲበላ መተው፣ ልጓም ሳያጥቡ ከአንዱ ፈረስ ወደ ሌላው ማዘዋወርም ጎጂ ናቸው። በቆዳ ሥር በመስመር እየተከታተለ የሚያብጥና የሚፈነዳ ቁስል የሚያመጣው የፈንገስ በሽታ በቁስልና በተበከለ የፈረስ ዕቃ ስለሚተላለፍ ለእያንዳንዱ ፈረስ የራሱ ልጓም ቢኖር ይመረጣል።

ከምራቁ ጋር ደም ከታየ፣ ምላሱን ከብረቱ በላይ የሚያወጣ ከሆነ፣ ራሱን የሚወረውር ወይም ያኘከውን ሣር የሚጥል ከሆነ ልጓሙ ወዲያውኑ መውለቅ አለበት። ፈረስ በመንጋጋ ቆልፍ በቀላሉ ከሚጠቁ እንስሳት አንዱ ስለሆነ የአፍ ቁስልን በቤት ከማቆየት ወደ እንስሳት ጤና ኬላ መውሰድ ይበጃል። ቁስሉ እስኪድን ሥራው በልባብ ሊቀጥል ይችላል።

የወረዳዎች ድርሻ

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ለዚህ ሥራ አዲስ በጀት መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። እንስሳት ለክትባት በሚሰበሰቡበት ቀን የወጣት ፈረሶች አፍና ጥርስ አብሮ ሊታይ ይችላል። ልጓም የሚሠሩ ብረት ሠሪዎች ልስልስና ቀለበት የሌለው የመለማመጃ ልጓም እንዲሠሩ ማስተማርና ማበረታታትም ይቻላል። የበዓል አዘጋጆችም ለውድድር የሚቀርብ ፈረስ አምስት ዓመት የሞላውና አፉ ያልቆሰለ መሆኑ በእንስሳት ሐኪም እንዲረጋገጥ ቢያደርጉ ፈረሱም ጋላቢውም ከአደጋ ይድናሉ።

አርሶ አደሩም የዘመን አቆጣጠሩን ከወዲሁ ቢያስብ ይጠቀማል። ዘንድሮ ሦስት ዓመት የሞላው ፈረስ ዝናቡ አቁሞ መሬቱ ሲጠነክር፣ በጥቅምት ወይም በኅዳር፣ ልጓም ቢጀምር ጊዜ አለው። ለዘንድሮው ጥር ይድረስ ተብሎ በታኅሣሥ መጨረሻ ልጓም ጎርሶ አደባባይ የሚወጣ ፈረስ ግን ሳይማር የተፈተነ ነው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። ለማድረስም ቢሆን ጤነኛ አፍ ያስፈልገዋልና ለሁለት ዓመት የተጠበቀ ፈረስ ከዚያ በኋላ ባለቤቱን ለብዙ ዓመት ያገለግላል።