«ጭንቅላቴ ወንፊት ሆነ» ትላላችሁ? ጥፋቱ የጭንቅላታችሁ ላይሆን ይችላል!

«ሌሊቱን ሙሉ ሳነብ አድራለሁ፤ ጠዋት ግን ባዶ ነኝ። ጭንቅላቴ ወንፊት ነው መሰለኝ!»

ይህን ያለችን የ12ኛ ክፍል ፈተና አንዴ ወስዳ ያልተሳካላት፣ አሁን ለሁለተኛ ጊዜ የምትዘጋጅ የ19 ዓመት ወጣት ናት። ዘንድሮም ካልሆነላት ደብተሯን ጥላ ዓረብ አገር ለመሄድ ቆርጣለች። «እኔ ለትምህርት አልተፈጠርኩም» የሚለውን ለራሷ ደጋግማ ስለነገረችው አምናዋለች።

እኛም አንድ ነገር ጠየቅናት። «ስታነቢ ስልክሽ የት ነው?»

«እዚሁ አጠገቤ ነዋ!» አለች፣ ጥያቄው ራሱ ገርሟት።

ልብ ያላሉት አይታወስም

እስቲ እናንተም ራሳችሁን ፈትኑ። የአንድ ብር ሳንቲም ላይ ያለው አንበሳ ፊቱን ያዞረው ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ? ኪሳችሁን ሳትዳብሱ መልሱ! ስንትና ስንት ጊዜ በታክሲ መልስ የተቀበላችሁት ሳንቲም እኮ ነው።

ካልመጣላችሁ አትደንግጡ። እ.ኤ.አ. በ1979 ኒከርሰን እና አዳምስ የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካውያንን ስለ አንድ ሳንቲማቸው ጠይቀው ነበር። 15 የተለያዩ ሥዕሎች አቅርበው «ትክክለኛውን ምረጡ» ቢሏቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሳቱ። ሰዎቹ ዝንጉ ሆነው አይደለም። ሳንቲሙን ዕቃ ገዝተውበታል እንጂ አንድም ቀን ልብ ብለው አላዩትም።

የልጅቷም ነገር ይኸው ነው። ዓይኗ ገጹን ያገላብጣል፤ ልቧ ግን ቴሌግራም ላይ ነው። ሁለት ነገር ባንዴ የምንሠራ ሲመስለን አብዛኛውን ጊዜ ካንዱ ወዳንዱ እየዘለልን ነው። በዘለልን ቁጥር ደግሞ «የት ነበርኩ?» ብሎ እንደገና መጀመር አለ። ታዲያ ያልገባ ነገር ከየት ይወጣል? ወንፊቱ ጥፋት የለበትም፤ መጀመሪያውንም ዱቄቱ አልፈሰሰበትም።

መደጋገም ብቻ አያዋጣም

«ስልኬን አጥፍቼም አይገባኝም» የምትሉም አትጠፉም። እዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውን የሮዲገር እና የካርፒኪ ጥናት እንመልከት። ተማሪዎቹ አንዱን ጽሑፍ ደግመው አነበቡ፤ ሌላውን ግን አንዴ አንብበው ወረቀቱን ከደኑና የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ! ደግመው ካነበቡት 42 በመቶ ያህል ሲያስታውሱ፣ ከድነው ከጻፉት 56 በመቶ አስታወሱ። ደግሞ ማንበብ «አውቀዋለሁ» ያሰኛል፤ ዓይን የለመደውን ሲያይ ልብ ያንቀላፋል። ከድኖ መጻፍ ግን ማንቀላፋት አይፈቅድም።

ልብ ሲሳሳትም አለ

ትኩረት ግን አንድ ቦታ ተቸክሎ ሲቀር ያሳውራል። ካርል ደንከር የተባለው ጀርመናዊ ያወጣው እንቆቅልሽ ዝነኛ ነው። ሻማ፣ ክብሪትና ጥቃቅን ሚስማሮች የሞሉባት ትንሽ ካርቶን ተሰጥቷችኋል፤ ሻማውን ግድግዳ ላይ አቁሙ። ብዙ ሰው ሚስማሩን ይዞ ሲታገል ይውላል። መልሱ ካርቶኗ ናት! ሚስማሩን አፍስሶ እሷን ግድግዳ ላይ መምታትና ሻማውን በላይዋ ማቆም ነው። ሚስማሩ ከካርቶኗ ወጥቶ ሲቀርብላቸው መልሱን የሚያገኙት ይበዛሉ። እናም የሒሳብ ጥያቄ አልፈታ ሲላችሁ «ልብ ያላልኩት የትኛውን ቁጥር ነው?» በሉ። ካልሆነ ተነሥታችሁ ውኃ ጠጡና ተመለሱ።

ምን ይሻላል?

አንደኛ፣ ስልካችሁን ለእናት ወይም ለእህት አስረክቡ፤ ትራስ ሥር መደበቅ አይቆጠርም። ሁለተኛ፣ ግማሽ ሰዓት አንብቡና ደብተሩን ከድናችሁ የያዛችሁትን ጻፉ። የጎደለውን ብቻ ተመልሳችሁ እዩ። ሦስተኛ፣ ተኙ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ልብ ማለት ያቅተዋል፤ የተማርነው የሚጸናውም በእንቅልፍ ነው።

ልጅቷ ይህን ከጀመረች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ፈተናው ገና ነው፤ ታልፋለች አንልም። ባለፈው ስናገኛት ግን ስለ ዓረብ አገር አላነሣችም። የባዮሎጂ አንድ ምዕራፍ ደብተር ሳትገልጥ ለእናቷ አስረድታ፣ እናቷ «በቃሽ፣ ገባኝ!» እንዳሏት እየሳቀች ነገረችን።

በሉ አሁን ሳንቲሙን አውጥታችሁ እዩት።