የወለቃ ሸክላ ባሕር ማዶ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተጓዙ ወለቃ የምትባል መንደር ትገኛለች። በመንገዱ ዳር ጥቋቁር የሸክላ ምስሎች ተደርድረው ይታያሉ፤ አንበሳ፣ ወፍ፣ ልጇን ያዘለች እናት፣ የዳዊት ኮከብ የተቀረጸበት ሳህን፣ በአንድ አልጋ የተኙ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚያልፍ እንግዳ መኪናውን አቁሞ አንድ ሁለቱን ይገዛና መንገዱን ይቀጥላል። ዛሬ እነዚህን ምስሎች የሚሠሩት በአብዛኛው ክርስቲያን ሴቶች ናቸው። መንደሯን በሸክላ ያስጠሩት ቤተ እስራኤላውያን ኢትዮጵያን ለቅቀው እስራኤል ከገቡ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

አንድ ሕዝብ አገር ሲለቅ የእጁ ሙያ ምን ይሆናል? ወለቃ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መማሪያ ናት፤ አንዱን ሙያ በሁለት አገር፣ በሁለት ዓይነት ሰዎች እጅ ታሳየናለችና።

ቤተ እስራኤል ኦሪትን በግእዝ የሚያነቡ፣ ሰንበትን በጥብቅ የሚያከብሩ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በወገራ፣ በደምቢያና በጎንደር ዙሪያ ለብዙ ዘመን የኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ከነገሥታቱ ጋር ባደረጓቸው ተደጋጋሚ ጦርነቶች ተሸንፈው በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ የመጨረሻ ነጻነታቸውንና ርስታቸውን አጡ። ርስት የሌለው ሰው ያለው ሀብት እጁ ነው። ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ጋቢና ነጠላ ሸመኑ፤ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም ጎንደርን መቀመጫቸው ካደረጉ በኋላም ከተማዋ በተገነባችበት ዘመን ቤተ እስራኤላውያን በግንበኝነትና በአናጢነት አገልግለዋል። ፋሲል ግቢን የሚጎበኝ ሰው የነገሥታቱን ስም በቃሉ ይዞ ይወጣል፤ ድንጋዩን የካቡትን እጆች ግን የሚጠቅስለት የለም።

ገበሬው ያለ ማረሻና ያለ ማጭድ አያርስም፣ አያጭድም። የቤት እመቤቷ ያለ ምጣድና ያለ ድስት ቤተሰብ አትመግብም። ማረሻውንና ምጣዱን የሚሠራው ሰው ግን «ቡዳ» ተባለ፣ «ጠይብ» ተብሎ ተናቀ፣ ልጁ ሲያልፍ ሕፃናት ይደበቁበት ነበር። እርግጥ ነው፣ ቤተ እስራኤልም በበኩላቸው የንጽሕና ሕግ ስለነበራቸው ከሌላው ጋር መነካካትን ይጠነቀቁ ነበር፤ ርቀቱ ከሁለት ወገን ነበር። ሆኖም ለእምነት ብሎ መራቅና ሰውን ጅብ ይሆናል ብሎ መፍራት በፍጹም አይገናኙም። በዚህ ጉዳይ የእኛ የደገኞቹ ዕዳ ከባድ ነው ብዬ አምናለሁ። በሸክላ እየበላን ሸክላ ሠሪዋን ከማዕዳችን ያራቅን እኛ ነን።

ሸክላ እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ደግሞ ይህ ንቀት ምን ያህል ከዕውቀት የራቀ እንደነበር ይገባዋል። አፈሩ እንዲሁ ከየትም አይዛቅም፤ ሠሪዋ የምታውቀው ጉድጓድ አላት። አፈሩን ታደርቀዋለች፣ ትወቅጠዋለች፣ ጠጠሩን ትለያለች፣ ውኃ ታጠጣዋለች። ከዚያ የተሰበረ አሮጌ ሸክላ፣ ገል፣ ፈጭታ ትደባልቅበታለች። ገሉ አንድ ጊዜ እሳት ያየ ስለሆነ ዳግመኛ አይኮማተርም፤ አዲሱ ጭቃ ሲደርቅና ሲተኮስ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠች ሴት ይህን የምታውቀው ከእናቷ ነው።

የሚሽከረከር መሣሪያ የላትም። ጭቃውን እንደ ገመድ አድባልላ፣ አንዱን ዙር በሌላው ላይ እየደራረበች፣ በጣቶቿ እያጣበቀች ታሳድገዋለች። የጀበና አንገት ላይ ስትደርስ እጇ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ አንገቱ ቀጭን፣ ሆዱ ሰፊ ስለሆነ ጭቃው ጥቂት ካልጠነከረ ክብደቱን ተሸክሞ አይቆምም። ስለዚህ ታቆመዋለች፤ ሌላ ዕቃ ትጀምራለች፤ ተመልሳ ትመጣለች። ሲጠናቀቅ በለስላሳ ድንጋይ ላዩን ደጋግማ ታሻሸዋለች፤ ያ የምናደንቀው ውልውል መልክ ቀለም ሳይሆን የድንጋዩ ሥራ ነው። ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ከደረቀ በኋላ ሜዳ ላይ በኩበት፣ በእንጨትና በጭድ ይተኮሳል። አየር የታፈነበት እሳት ጭስ ይበዛዋል፤ ጭሱ ሸክላው ውስጥ ገብቶ ያጠቁረዋል። አንድ ቀን የሚነፍስ ነፋስ የሳምንት ልፋት ሊሰነጥቅ ይችላል። ገዢዋም ቤቷ ወስዳ ሥራ ይቀራታል፤ ምጣዱን በጎመን ዘር ሳታሟሸው እንጀራ አይነሣላትም።

የወለቃ ምስሎች ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከጥንት የመጡ አይደሉም። የጥንቱ ሥራ እንስራ፣ ጋን፣ ገንቦ፣ ድስት፣ ምጣድና ጀበና ነው። ምስሎቹ በ20ኛው መቶ ዓመት፣ የውጭ አገር ጎብኚዎች ቤተ እስራኤልን ፍለጋ መምጣት ሲጀምሩ፣ የተበራከቱ ናቸው። እንግዳው እንስራ ተሸክሞ ወደ አገሩ አይሄድም፤ ኪስ ውስጥ የምትገባ አንበሳ ግን ይገዛል። ሴቶቹ ይህን ገበያ አይተው አዲስ ጥበብ ፈጠሩ። ይህን የምለው ምስሎቹን ዝቅ ለማድረግ አይደለም፤ የፈጠራ ችሎታቸውን ለማሳየት ነው። ለእንግዳ ተብሎ የተሠራው ትንሹ ምስል በኋላ ለራሳቸው ለሠሪዎቹ ትልቅ ነገር ሆነ።

በ1970ዎቹ ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤላውያን ከጎንደርና ከትግራይ ተነሥተው በሌሊት እየተጓዙ ወደ ሱዳን ገቡ። በመንገድና በመጠለያ ጣቢያዎች 4,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል። ከሱዳን በ1977 ዓ.ም «ዘመቻ ሙሴ» በተባለው ጉዞ ከ6,000 በላይ ሰዎች ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ደርግ ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት ደግሞ፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም፣ «ዘመቻ ሰሎሞን» ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ውስጥ አጓጓዘ። በሌሊት በእግሩ የሚሄድ ሰው ጋን ተሸክሞ አይሄድም። የአውሮፕላኑ ወንበር ሳይቀር ተነቅሎ ሰው በተጫነበት ጉዞም ለምጣድ ቦታ አልነበረም። የሄደው ዕውቀቱ ብቻ ነው።

እስራኤል ሲደርሱ ዕውቀቱ ሥራ አጣ። ውኃ በቧንቧ ይመጣል፣ ድስቱ ብረት ነው፣ ፎቅ ቤት ውስጥ ኩበት አይነድም። ለእንስራ የሚሆን ምንጭ፣ ለጋን የሚሆን ድግስ አልነበረም። ቤርሼባን በመሳሰሉ ከተሞች ግን ለእነዚህ ሴቶች የሸክላ መሥሪያ ቤቶች ተከፈቱላቸው። እዚያ የሠሩት በአብዛኛው ለቤት አገልግሎት የሚውል ዕቃ ሳይሆን ምስል ነው፤ እንስራ ያዘለች ሴት፣ ቡና የምታፈላ እናት፣ ኦሪት የያዘ ቄስ። ያጡትን ሕይወት በጭቃ መልሰው ሠሩት። መተኮሻው የኤሌክትሪክ ስለሆነ ጭስ የለውም፤ የወለቃው ጥቁረት ሳይወጣ ይቀራል። ነፋስ የሚሰነጥቀው ዕቃም የለም። ምቾቱ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ያ በእሳቱ ዙሪያ ተሰብስቦ እስኪበስል የመጠበቅ፣ ወሬ የመጫወት፣ ልጅን የማስተማር ጊዜ አብሮ ቀርቷል። እኔ ትልቁ ኪሳራ ይህኛው ይመስለኛል፤ ሙያ ከእናት ወደ ልጅ የሚሻገረው በዚያ የመጠበቂያ ሰዓት ነበርና።

ገና ሳይሄዱ በአዲስ አበባና በጎንደር ጉዞ ይጠባበቁ የነበሩ ሴቶችም ጥልፍ እንዲሠሩ ተደርጎ ነበር፤ የመንደር ኑሮንና የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን በክር እየጠለፉ ለውጭ ገበያ ያቀርቡ ነበር።

ያለ ዕቃና ያለ ምድጃ የተሻገረው ግን እስክስታው ነው። የጎንደር ሰው ትከሻና አንገት የሚናገረውን ለማሰማት አፈርም እሳትም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1995 የዳንስ ባለሙያዋ ሩት ኤሼል ከኢትዮጵያ የሄዱ ተማሪዎችን ይዛ በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ «እስክስታ» የተባለ የዳንስ ቲያትር ቡድን መሠረተች። ወጣቶቹ ወላጆቻቸው በሠርግ የሚጨፍሩትን ጭፈራ፣ የቄሶቹን የጸሎት እንቅስቃሴ ሳይቀር፣ ለመድረክ አበጁት። በእስራኤል ያደገ ወጣት በትምህርት ቤት የሚያፍርበትን ነገር በዩኒቨርሲቲ መድረክ ሲጨበጨብለት ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ቤተ እስራኤል የሚያከብሩት የስግድ በዓልም እንዲሁ ተሻገረ። በጎንደር አምቦበር ኮረብታ ላይ ይከበር የነበረው ስግድ አሁን በኢየሩሳሌም ባለ ጥላ ቄሶች በተገኙበት ይከበራል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት በሕግ የአገሪቱ በዓል አድርጎ ደነገገው።

ከአገር ርቆ የኖረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይህን ታሪክ በራሱ ቤት ያውቀዋል። ቤተ እስራኤል ሆነም አልሆነ፣ ዋሽንግተን ይኑር ሮም፣ ሻንጣው ውስጥ በጋቢ የተጠቀለለ ጀበና አለ። ብረት ማፍያ ገዝቶ መጠቀም ይቀላል፤ ጀበናው ቢሰበር ግን ሰው ከልቡ ያዝናል። በባዕድ አገር ጎረቤትን ጠርቶ ቡና ማጠጣት የሚጀመረው በጀበናው ነው፤ ሦስተኛው ሲኒ እስኪቀዳ የማያወራ እንግዳ የለም። ያንን ጀበና የሠራችው ሴት ስም ግን ከመቶ አንዳችንም አናውቅም።

ወለቃ ዛሬም ትሠራለች። የቀድሞው የቤተ እስራኤል ምኩራብ እዚያው አለ። ፕላውሼር የተባለ የሴቶች የእደ ጥበብ ማሠልጠኛ ማዕከል ለችግረኛ ሴቶች ሸክላና ሽመና ያስተምራል። ሙያውን ከሄዱት የወረሱት የመንደሯ ሴቶች የዳዊት ኮከቡን ሳይጥሉ ይቀርጻሉ፤ ገዢው የሚፈልገው እሱን ስለሆነ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ እኔ ግን ለሄዱት ጎረቤቶች የተሰጠ ምስክርነት አድርጌ አየዋለሁ። የድሮው ንቀት በቃል ቢቀንስም በዋጋ አልቀነሰም። ለፕላስቲክ ባልዲ ሳይከራከር የሚከፍል ሰው የሳምንት ሥራ በፈጀ ጀበና ላይ አሥር ብር ለማስቀነስ ይሟገታል።

ስለዚህ፣ አንባቢዬ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች ስትሄድ ወለቃ ላይ መኪናህን አቁም፤ ከመግዛትህ በፊት ቁጭ ብለህ እጇን ተመልከት። ስሟን ጠይቅ፣ አፈሩን ከየት እንደምታመጣ ጠይቅ፣ የጠራችውን ዋጋ ክፈል። ባሕር ማዶ የምትኖር ከሆነም በሚቀጥለው ቡናህ ላይ ጀበናውን ማን እንደሠራው ለልጆችህ ንገራቸው።