ኮምፒዩተር የተማረ ለሥነ ሂሳብ ሊቅነት ይታጫልን?

በደቡብ እስራኤል፣ ከቤርሳቤህ ወደ ቴል አቪቭ በሚያልፈው የባቡር ሐዲድ ዳር የምትገኘው ቂርያት ጋት፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ (ዘመኑን በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው የምጠራው) ስትቈረቈር የስኳርና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሚያሳድሯት ከተማ ነበረች፤ ከ1999 ወዲህ ግን ኢንቴል የኮምፒዩተር ቺፕ የሚሠራበትን ታላቅ ፋብሪካ ስለ ተከለባት፣ ከኢትዮጵያ የመጡት ቤተሰቦችም ሆኑ ሌሎቹ ነዋሪዎች፣ ልጃቸው በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያው በባግሩት ፈተና ከፍተኛውን ባለ አምስት ክፍል ሒሳብ ይዞ ያለፈ እንደ ሆነ፣ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው በኮምፒዩተር ትምህርት ላይ ነው። ይህም አይነቀፍም፤ እንጀራ ያለበት ነውና። ነገር ግን ከነዚህ ልጆች አንዱ በኮምፒዩተር ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪውን ከፈጸመ በኋላ ልቡ ወደ ሥነ ሂሳብ ቢያዘነብል፣ የድኅረ ምረቃው ደጅ ይከፈትለታልን? ድካሙስ ይቈጠርለታልን?

ይቈጠርለታል፤ ዳሩ ግን የሚቈጠርለት ብዙ ጊዜ እርሱ ራሱ የሚመካበት ክፍል አይደለም።

በሚመካበትና በሚቈጠርለት መካከል ያለውን ልዩነት ለማስረዳት ከሊቃውንታችን የዘመን ማስሊያ፣ ከባሕረ ሐሳብ፣ የተሻለ አላገኘሁም። ባለ ሐሳቡ ዓመተ ዓለሙን በ19 ገድፎ፣ ከቀሪው አንዱን ስለ ዘመን አትቶ ወንበርን ያገኛል፤ ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ አበቅቴ፣ በ19 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ መጥቅዕ ይወጣለታል። በኢትዮጵያ አቈጣጠር ለ2017 ዓመተ ዓለሙ 7517፣ ወንበሩ 11፣ አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29 ነው። ይህን ሕግ ለኮምፒዩተር አስተምሮ የሺህ ዓመት አበቅቴ በቅጽበት ማውጣት የፕሮግራም ጸሐፊ ተግባር ነው። አበቅቴና መጥቅዕ በየዓመቱ ሲለዋወጡ ድምራቸው ግን ሁልጊዜ 30 የሚሆነው ስለ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ፣ 11 እና 19 ራሳቸው ተደምረው 30 ስለሚሆኑ ወንበሩ ማንኛውም ቍጥር ቢሆን ድምሩ ከዚህ ሊያመልጥ እንደማይችል ማሳየት፣ ከዚያም ሺሁን ዓመት አንድ በአንድ ከመመርመር መገላገል ግን የሥነ ሂሳብ ሊቅ ተግባር ነው።

ተማሪ የሚመርጡት መምህራን የሚሹት ይህን ሁለተኛውን ሰው ነው። ስለሆነም አመልካቹ ስንት የፕሮግራም ቋንቋ እንደሚያውቅ ወይም በየትኛው ፋብሪካ ልምምድ እንዳደረገ እምብዛም ሳይጨነቁ፣ አናሊሲስን፣ አብስትራክት አልጄብራንና ቶፖሎጂን ተምሮ እንደ ሆነ ውጤቱን ይመረምራሉ፤ ከሁሉም ይልቅ ማረጋገጫ ሲጽፍ ያየው መምህር የሚሰጠውን ምስክርነት ያከብራሉ። በአሜሪካ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠይቁት የሒሳብ ፈተናም ግማሹ ካልኩለስ፣ ሩቡ አልጄብራ ሆኖ፣ አልጎሪዝም የሚገኘው በቀረው ሩብ ውስጥ በአንዲት ጥግ ነው።

ይሁን እንጂ ኮምፒዩተር ሳይንስ ሁሉ ፕሮግራም መጻፍ ብቻ አይደለም፤ የአልጎሪዝምን ትክክለኛነት ማረጋገጥ፣ አንድ ስሌት የሚፈልገውን ጊዜ ወሰን ማበጀት፣ የግራፍ ጥናት፣ የምስጢር ጽሕፈት ጥበብ፣ እነዚህ ሁሉ ሥነ ሂሳብ ናቸው። በሃይፋ የተወለዱት አቪ ዊግደርሰን በቴክኒዮን የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የተቀበሉት በኮምፒዩተር ሳይንስ ሲሆን፣ በ2021 ከሀንጋሪው ላስሎ ሎቫስ ጋር የተሸለሙት ግን የሥነ ሂሳብ ሊቃውንት የሚከበሩበትን የአቤል ሽልማት ነው። አዲ ሻሚር በተገላቢጦሽ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ሂሳብ ተምረው፣ በዋይዝማን ተቋም ኮምፒዩተር ሳይንስን ተከትለው፣ በ1977 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ታላላቅ ቍጥሮችን ወደ አካፋዮቻቸው በመበተን አዳጋችነት ላይ የቆመውን ዝነኛ የምስጢር መቈለፊያ አበጁ። በሁለቱ ትምህርቶች መካከል ያለው አጥር፣ በዚህ በኩል ሲታይ፣ ከጥንቱም ዝቅ ያለ ነው።

እንግዲህ ለቂርያት ጋቱ ወጣት የምመክረው ግልጽ ነው። በእስራኤል ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒዩተር ተማሪ ካልኩለስንና ሊኒየር አልጄብራን ከጅምሩ ስለሚማር፣ ከቻለ ሁለቱን ትምህርት አጣምሮ የሚሰጠውን መርሐ ግብር ይያዝ፤ ካልቻለም በሁለተኛው ዓመት አናሊሲስንና አልጄብራን ከሒሳብ ክፍል ተማሪዎች ጋር ይማር። ይህን ያላደረገ ሰው ለሁለተኛ ዲግሪ ሲያመለክት፣ የማሟያ ኮርሶች፣ በዕብራይስጡ ሃሽላሞት የሚባሉት፣ ሊጫኑበትና አንድ ዓመት ሊወስዱበት ይችላሉ።

«ኢንቴልን ትተህ ማን ሊቀልብህ?» ለሚሉት ወላጆችም መልስ አለ። በሬሖቮት ያለው የዋይዝማን ተቋም፣ ቂርያት ጋት በምትቈረቈርበት ዘመን በሒሳቡ ሊቅ በኃይም ፐከሪስ አሳሳቢነት ከዓለም ቀደምት ኮምፒዩተሮች አንዱን ዋይዛክን የሠራ ሲሆን፣ ዛሬም ሥነ ሂሳብንና ኮምፒዩተር ሳይንስን በአንድ ፋኩልቲ ያስተምራል፤ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የሚቀበላቸውንም ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቃቸውም፤ ይልቁንም መተዳደሪያ ይሰጣቸዋል።